አንቱ የተባሉት ማዕረግ

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ወንበሩ ነው። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። በወንዶቹ ግቢና በሴቶቹ ግቢ መካከል ካለው የኒም ዛፍ ሥር ባዶውን ቆሟል። ሽበታቸው የወጣ ታራሚዎች ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ወንበሩን አይነኩትም። ጊዜው ሚያዝያ ነበር። በመተማ ቆላ በሚያዝያ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ከወንበር ጋር የተጣላ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ካለው መጋዘን አንድ ቀጭን ወጣት ወጣ። ነጭ ጀላቢያ ለብሷል። እጆቹ እንደ ሰሊጥ አገዳ የቀጠኑ ናቸው፤ ሆዱ ግን የሌላ ሰው ሆድ በውሰት የተሸከመ ይመስል ወደ ፊት ገፍቷል። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተነሡ። አንዱ ወንበሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«አንቱ፣ እንዴት አደሩ?»

ወጣቱ የታመመ ጥርሱን የነኩበት ያህል ፊቱን አጨማደደ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ ፈረደ። ኧረ ይቀመጡ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ለታራሚዎች ማንበብና መጻፍ ላስተምር ገና መድረሴ ነበር። የማረሚያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ከሸሕዲ ብዙ አይርቅም ማለት ይበቃል። በልጅነቱ ሽማግሌ የሆነ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አንዳች ባሕታዊ መሰለኝና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«አንተም?» አለኝ ወጣቱ፣ በተስፋ መቁረጥ።

የታራሚዎቹን አለቃ፣ እነሱ ካቦ የሚሉትን ባየልኝን፣ ወደ ዳር ስቤ ጠየቅሁት። ባየልኝ ሰሊጥ የጫነ መኪና ገልብጦ የገባ ሹፌር ነው፤ ሲያወራ እጁ አሁንም መሪ ያዞራል።

«እኒያ ሰው ማን ናቸው?»

«ማዕረግ ይባላሉ። ሳሉግ ናቸው።»

ሳሉግ ማለት በዚህ አገር በየእርሻው እየዞረ የሚያርም፣ የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ ነው። ከሳሉግ በታች ያለው ትራክተሩ የሚረግጠው አፈር ብቻ ነው።

«ሳሉግ ሆነው ነው አንቱ የሚባሉት?»

«አስተማሪ፣ ነገሩ የሰዋስው ነው» አለኝ ባየልኝ፣ በሌለ መሪ ወደ ግራ እየታጠፈ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።»

ደረስኩበት። ያደረሰኝ ራሱ ማዕረግ ነው፤ ከትምህርት በኋላ ጥላው ሥር እየተቀመጥን ጥቂት በጥቂት ነገረኝ። እዚህ «እሱ» እያልኩ የምጽፈውም እሱ ስለጠየቀኝ ነው። «ሌላው ቢቀር ወረቀት ላይ እንኳ አንተ ልባል» ብሎኛል።

የተወለደው ጋይንት ነው። ሲወለድ «ሴት ናት» ተባለ፤ እሱ ግን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በዚህ ተስማምቶ አያውቅም። ከቤተሰቡ ካገኘው ሁሉ ያልጠላው ስሙን ብቻ ነው። ማዕረግ የሚባል ወንድ አለ፣ ማዕረግ የምትባልም ሴት አለች። እናቱ ሳታውቀው አንድ በር ክፍት ትታለት ነበር። ሲጎረምስ ፀጉሩን ተላጨ፣ የወንድሙን ሱሪ አጠለቀ፣ ለአረም ከሚወርዱ ልጆች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሸሕዲ ወረደ። በማግስቱ ሠራተኛ በሚቀጠርበት ገበያ ላይ አንድ ደላላ ጣቱን ቀሰረበት።

«አንተ! አዎ አንተ፣ ከሲታው! ና ውጣ!»

«በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከብሬ አላውቅም» አለኝ ማዕረግ። «ከሲታው ማለቱን እንኳ የሰማሁት ማታ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ በአንተ አለፉ። አንተ ማዕረግ ውኃ ቅዳ፣ አንተ ማዕረግ ማጭድህን ሳል፣ አንተ ምናባክ ታያለህ። ኮኪት አረመ፣ አብደራፊ ሰሊጥ አጨደ፣ ከሳሉጎቹ ጋር ጥቁሩ አፈር ላይ ከግራር ሥር አደረ። ያ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ ድምፅ የሌላት ትንኝ ትወጣለች። እሷ ወንድ ሴት ሳትል ትነክሳለች፤ አንተም አንቺም ሳትል ካላዛር የሚባለውን ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ታስተላልፋለች። ማዕረግን መቼ እንደነከሰችው ማንም አያውቅም።

አንድ ቀን ወደ መተማ ሲሄድ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ፖሊሱ መታወቂያውን አየ፣ ፊቱን አየ፣ ደግሞ መታወቂያውን አየ።

«የእህትህን መታወቂያ ይዘህ የምትዞረው ምን ልትሠራበት ነው?»

ማዕረግ «የራሴ ነው» ቢል ጋይንት ትቶት የመጣው ነገር ሁሉ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሊቀበለው ነው። «አዎ፣ የእህቴ ነው» አለ። ፍርድ ቤትም ቀረበ።

«ስምህ ማን ነው?» አሉት ዳኛው።

«ማዕረግ።»

«የእህትህስ?»

«ማዕረግ።»

«አባታችሁ ስም አጥሯቸው ነው?»

ችሎቱ ሳቀ። ማዕረግ በሌላ ሰው መታወቂያ በመገልገል ጥፋተኛ ተብሎ እስር ተፈረደበት። በዚህ ምድር ላይ የራሱን መታወቂያ ሰርቆ የታሰረ ሌላ ሰው ካለ ብተዋወቀው ደስ ይለኛል።

ማረሚያ ቤት ሲገባ ፈታሹ ዘብ ገና ደረቱ ላይ ሲደርስ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው አነሣ። ሮጦ ወደ ኃላፊው፣ ወደ ኢንስፔክተር ቸሩ ሄደ። ኢንስፔክተር ቸሩ ክፉ ሰው አይደለም። የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ እባብና ከፍርድ ቤት ጋር መጋጨት።

«ጌታዬ፣ ያ የገባው ሰውዬ... ሴትዮዋ...»

«ፍርዱ ምን ይላል?»

«ወንድ ነው ይላል። የሴት መታወቂያ የያዘ ወንድ።»

«አንተስ ምን አየህ?»

ዘቡ ያየውን በጆሮው ሹክ አለው። ኢንስፔክተሩ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሴቶቹ ግቢ ቢያስገባው የፍርድ ቤትን ውሳኔ ሻረ። ወንዶቹ ግቢ ቢያስገባው የዘቡን ዓይን ሻረ። በመጨረሻ መካከል ላይ ያለውን መጋዘን አስጠረገ። ችግሩ ያለቀ መስሎት ማዕረግን ሊያነጋግር አፉን ሲከፍት ግን ከፍቶ ቀረ። ምን ይበለው? አንተ? አንቺ? በአማርኛ ሰውን ገብተህ ተኛ ለማለት እንኳ መጀመሪያ መወሰን ያስፈልጋል።

ኢንስፔክተር ቸሩ የጎንደር ልጅ ነው፤ ላቡን ጠርጎ እናቱ ያስተማሩትን አወጣ።

«አንቱ» አለ። «ይግቡ።»

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ትእዛዝ ሆነ። «መጋዘን ያሉትን ሰው አንቱ ትሏቸዋላችሁ። አንተ ያለም፣ አንቺ ያለም ይጠየቃል!»

አንቱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። አንቱ የሚባል ሰው መሬት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ወንበር መጣ። አንቱ የሚባል ሰው ሳይቀምስ ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ምሳ ከእሱ ይጀመር ጀመር። ሁለት ሰዎች በሳሙና ሲጣሉ ወደ ወንበሩ መጡ፤ ማዕረግ «ለሁለት ክፈሉት» አላቸው፤ ጥበቡ በግቢው ተወራ። አዲስ የተቀጠረ ዘብ ሰላምታ ሰጠው። ምክንያቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀሩት ሰው ሲነሣ አይተው ተነሡ፣ ከተነሡ በኋላም ለምን ተነሣሁ ብሎ መጠየቅ አሳፈራቸው።

ማዕረግ ግን ከሳ። «የሚሰድበኝ ሰው ናፈቀኝ» አለኝ። «አንድ ሰው ቀርቦኝ አንተ ዝንጀሮ ቢለኝ አቅፌ እስመዋለሁ።»

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። መጥቶ ይሄዳል፣ ሄዶ ይመጣል፤ ሆዱ ሲያብጥ ሌላው ሰውነቱ ይሟሽሻል። የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ሰኞና ረቡዕ የወንዶች፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ነው። ማዕረግ ሰኞ ሄደ፤ «አንቱ፣ ዛሬ እኮ የወንዶች ነው» አሉት። ማክሰኞ ሄደ፤ «አንቱ፣ ዛሬ እኮ የሴቶች ነው» አሉት። ወንበር ግን ሰጡት።

ነርሷ ሲስተር ውባንች የጎጃም ሴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷም አጭር። ዓርብ የክሊኒኩ የጽዳት ቀን ነው። ዓርብ መጥረጊያ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ የማዕረግን ሆድ ዳበሰች። ዘቡ በበሩ ብቅ ሲል «እያጸዳሁ ነው!» ትላለች።

«ጣፊያዎ እምብርትዎ ደርሷል» አለችው። «ካላዛር ሳይሆን አይቀርም። ሆስፒታል ገብተው መርፌ ካልጀመሩ ይሞታሉ።»

ለሆስፒታሉ ደወለች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ታማሚው ወንድ ነው ሴት?» አለ የተኝቶ ሕክምና ክፍሉ ሰው።

«አንቱ ናቸው።»

«ክብራቸው ይጠበቅ፣ ሲስተር። ግን አልጋቸውን ወንዶች ክፍል ላድርግ ሴቶች ክፍል?»

«እሱ ገና አልተወሰነም።»

«ሲወሰን ይደውሉ» አለና ዘጋው።

ሲወሰን እየተጠበቀ ሆዱ ማደጉን አላቆመም። አንድ ቀን ከሴቶቹ ግቢ አንዲት ሴት በአጥሩ ቀዳዳ አየችውና እልል አለች። ወሬው ወንዶቹ ግቢ ደረሰ። ባየልኝ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ መጣብኝ።

«አስተማሪ! አንቱ አረገዙ ይላሉ!»

«ታመው ነው፣ ካቦ።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው! በዚህ ዕድሜያቸው!»

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ኢንስፔክተር ቸሩ የሚታመነውን ስላላወቀ ለነፍሰ ጡር ታራሚ የሚሰጠውን ወተት አዘዘለት። ማዕረግ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ወተቱን ጠጣ። አባባ ፈረደ አጠገቡ ተቀምጠው «አንቱ፣ አይዞዎት» ይላሉ። ቃሉን የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ግን ለሚሞት ልጅ አይዞዎት ማለት በጓንት ግንባሩን መንካት ነው። የማዕረግ ዓይን እንባ ሞላ።

«አየህ» አለኝ በቀስታ፣ «በአገሩ ሁሉ አይዞህ የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ።»

በዚያ ሳምንት ራሱን ስቶ ከወንበሩ ወደቀ። ሲስተር ውባንች መጥረጊያዋን እንደያዘች የኢንስፔክተሩን ቢሮ በር በረገደች።

«ታማሚው ነገ ካልሄዱ ሬሳቸውን ወንዶች ግቢ እቀብረዋለሁ ሴቶች ግቢ ብለው ያስቡበት!»

ኢንስፔክተር ቸሩ ስልኩን አነሣ። በቀጥታ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ነው የደወለው። ያለውን ሁሉ ያለው በቅንነት ነው፤ እውነቱ ላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

«እዚህ እኛ ዘንድ አንቱ የተባሉ ሰው አሉ። በጠና ታመዋል።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። «አንቱ የተባሉ?»

«በሁሉም ዘንድ። ግቢው በሙሉ አንቱ ነው የሚላቸው። እኔ ራሴ አንቱ ነው የምላቸው።»

«ስማቸውን ማን ልበል?»

«ማዕረግ።»

«ማዕረጋቸውን አይደለም፣ ስማቸውን።»

«ማዕረግ ነው የምልህ እኮ!»

«ገባኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገባኝ፣ በስልክ የማይነገር ነው። እንጠብቃቸዋለን።»

በማግስቱ ጠዋት በፒካፕ ሄድን። ሕጉ ወንድ ታራሚን ወንድ ዘብ፣ ሴት ታራሚን ሴት ዘብ ይጠብቅ ስለሚል ኢንስፔክተሩ ሁለቱንም መደበ፤ አንዱ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። እሱም ፊት ተቀመጠ። ባየልኝ ደግሞ «አንቱ መሬት አይቀመጡም!» ብሎ ሰማያዊውን ወንበር ከመኪናው ጣሪያ ላይ አሰረው። እኔና ሲስተር ውባንች ከኋላ ተጫንን። በማሽላው እርሻ መካከል ስናልፍ ትራክተር ነጂዎች ወንበሩን እያዩ ቆሙ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

የሆስፒታሉ ግቢ ተጠርጎ ውኃ ተረጭቶበታል። ሠራተኛው ነጭ ጋወኑን ቆልፎ ተሰልፏል። መኪናችን ሲቆም፣ ጣሪያው ላይ ወንበር፣ ከፊት ኢንስፔክተር፣ በግራና በቀኝ ጠባቂ፣ በመካከል ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ሆደ ትልቅ ሰው ሲታይ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ቀረበ።

«እንኳን በደህና መጡ!»

«ደህና እንኳ አይደለሁም» አለ ማዕረግ።

«ትሕትናቸው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኛ ዞሮ።

እጁን ዘርግቶ የማዕረግን ሲጨብጥ የጀላቢያው እጅጌ ተሰበሰበና ካቴናው ታየ። በሥራ አስኪያጁ ፊት ላይ ሁለት ሐሳቦች ሲታገሉ አየሁ። ይሉኝታ አሸነፈች። ያጨበጨበ እጅ ምን ብሎ ይመለስ? «ትልልቅ ሰዎችም ይታሰራሉ» ብሎ ራሱን አጽናና፤ ቀድሞ ወዳዘጋጀው ክፍልም መራን። ክፍሉ ወንዶች ክፍልም፣ ሴቶች ክፍልም አልነበረም። የእንግዳ ክፍል ነበር። አንድ አልጋና አንድ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለው። ሳምንታት ሙሉ ያልተወሰነው ነገር በአንድ ጭብጨባ ሳይወሰን ታለፈ። ለዚህ ስል ሰዋስውን ይቅር ብየዋለሁ።

ከጣቱ ደም ወሰዱ። ካላዛር ነው። ሐኪሙ መርፌውን ሊያዝ ሲል ሲስተር ውባንች ወደ ጥግ ወስዳ በግልጽ ነገረችው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል አለ፤ አክሎም «እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ አልጠይቅም» አለና ወጣ። ሲስተር እኔን በሩ ላይ አቆመችኝ፤ በሩ ግን በደንብ አይዘጋም።

ማዕረግ ኩባያውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አላደርገውም።»

«መርፌው አይጀመርማ።»

«አይጀመር። ሳሉጉ ሁሉ ሆዱ ይነፋል፤ ስንት ወር ነው ተብሎ የተጠየቀ አለ? መንታ ነው ያሉኝ እንኳ አሉ። አንቺም እንደዚያ የምታይኝ ከሆነ እዚሁ ልሙት።»

ሲስተር ውባንች ዙሪያዋን አየች። ከመኪናው የወረደውን ሰማያዊ ወንበር ሳበችና ቁጭ አለችበት። ከማዕረግ በቀር ሰው ሲቀመጥበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሽቦው ጮኸ።

«ስማ» አለችው።

ይስሙ አላለችም። ስሚም አላለችም። ማዕረግ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ስማ፣ አንተ። ምርመራው ለመድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ የሆድህን ነገር ይጠይቃል እንጂ ማን እንደሆንክ አይጠይቅም። ማን እንደሆንክማ ነግረኸኛል፣ ሰምቻለሁ። አሁን ተነሥ፤ አታልፋኝ፣ እግሬ አብጧል።»

ተነሣ። ኩባያውን ወሰደ። ውጤቱ ሁላችንም የምናውቀው ነበር፤ መንታውም ቀረ። ከዚያ መርፌው ተዘጋጀ፣ ትልቅ መርፌ ነው፣ ሲገባ ያቃጥላል።

«አይዞህ» አለችው፤ ወጋችው።

ማዕረግ አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ ድምፁን ሰማና በአክብሮት በእግሩ ጣት ሄደ።

መርፌው በየቀኑ እየተሰጠው ሰነበተ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ ከሰዓት ልጠይቀው ሄጄ ውጭ አገር ጢም የሚያበቅል መድኃኒት አለ ሲባል መስማቱን አጫወተኝ። ትፈልገዋለህ ወይ አልኩት። «ብፈልገውስ? መጀመሪያ ከትንኟ ልትረፍ» አለና አገጩን ዳበሰ።

ወደ ማረሚያ ቤት ሲመለስ ወንዶቹ ግቢ በሰልፍ ጠበቀው። ሆዱ ጠፍጣፋ መሆኑን አዩ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት!» አሉት። ባየልኝ የፒካፑን የኋላ ወንበር በዓይኑ ሲፈትሽ ቆየ፤ ሕፃን ፍለጋ።

እስሩን ጨርሶ የተፈታው በሰኔ፣ የአረም ሰው በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ወንበሩን ለአባባ ፈረደ ሰጣቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሲስተር ውባንች አጎበር ሰጠችው፣ «ያለዚህ ግራር ሥር ስትተኛ ባገኝህ እኔ ነኝ የምገድልህ» ብላ። ሸሕዲ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ሚኒባሶቹ ጭቃ ለብሰዋል፣ የሰው ገበያው ይተራመሳል። ልሰናበተው ሳለ ምላሴ ከግቢው ያመጣችውን ልማድ አወጣች።

«ደህና ይ...»

ጣቱን አነሣብኝ።

«ደህና ሁን» አልኩት።

መልስ ሊሰጠኝ ሲል ከአንድ ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለ ረዳት ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ።

«አንተ! አዎ አንተ፣ አጎበሩ! ኮኪት ነህ አይደለህም? ምን ይገትርሃል፣ ግባ እንጂ!»

ማዕረግ የጀመረውን ቃል ረሳው። አጎበሩን በብብቱ አጥብቆ፣ ጀላቢያውን ከጭቃው ሰብስቦ ወደ ስድቡ ሄደ። ሰልፉን በክርኑ እየገፋ ገባ፤ አንድ ሰው «አንተ፣ ቀስ በል!» ብሎ ጮኸበት፤ ወደ እኔ ዞሮ እንኳ አላየም።